በሸክም የማይደረስ ለቅሶ

የእድሩ ድንኳን በነበረበት ዘመን ለቅሶ ቤት ቀድማ የምትደርሰው ወርቅአየሁ ነበረች። ካስማ የሚመቱት ሰዎች ላባቸውን ሳይጠርጉ፣ ሰሌኑ ሳይዘረጋ፣ አግዳሚዎቹ ከጋሪ ሳይወርዱ፣ የተሽከርካሪ ወንበሯ ጎማዎች በቀዩ አፈር ላይ ያሰመሯቸው ሁለት ትይዩ መስመሮች ከመንገዱ ተነሥተው እስከ ድንኳኑ መሀል ድረስ ይታዩ ነበር። «ወርቄ ገብታለች» ይባባላሉ ሰዎቹ፤ «እንግዲህ ለቅሶው ተጀመረ።»

እድሩን ያቋቋሙት ከደጋው ወርደው በኬንያዋ ሞያሌ ሱቅና ሆቴል የከፈቱ ነጋዴዎችና በስደት መጥተው በዚያው የቀሩ ሰዎች ናቸው። ወርቅአየሁ ወደ ድንበሩ ኬላ በሚወስደው መንገድ ዳር ሆቴል አላት። ከብዙ ዓመታት በፊት፣ ከኢሲዮሎ ስትመለስ፣ የተሳፈረችበት መኪና ተገልብጦ ከወገቧ በታች ያለው አካሏ አልታዘዝ አላት። ሐዘን በገባበት ቤት ምን ማለት እንደሚገባ የማወቅ ስጦታዋ ግን ከአደጋው በኋላ ይበልጥ የጠራ ይመስል ነበር። ድንኳን ደፍ የለውም፤ ወለሉ የመንገዱ መሬት፣ በሩም ወደ ላይ የተሰበሰበ ሸራ ነው። እሷም በዚያ ሸራ ሥር አልፋ፣ በተቀማጮቹ መካከል ቀጥ ብላ ሐዘንተኛው ዘንድ ትደርስና «እግዜር ያጥናህ» ከማለቷ በፊት የሟቹን ስም ትጠራለች። ስሙን ብቻ። ከዚያም ሙሾ ታወርዳለች። ሌሎቹ አልቃሾች የሚያውቁት ለማንኛውም ሟች የሚሆን ግጥም ነበር፤ የወርቅአየሁ ሙሾ ግን እንደ ልብስ ለዚያ ሰው ብቻ የተሰፋ ነበር። የልብስ ሰፊው መርፌ፣ የሹፌሩ ጥሩንባ፣ የዳቦ ጋጋሪዋ የተቃጠለ ክንድ በቃሏ ውስጥ ይመጣሉ፤ ያን ጊዜ ደረቅ ዓይን ይዞ የተቀመጠ ሁሉ ያነባል።

ታፈሰ የእድሩ ዳኛ ነው። የደርግ ሠራዊት በተበተነበት ዓመት በወጣትነቱ ድንበሩን ተሻግሮ መጥቶ ማንያታ ሰፈር ውስጥ የብረታ ብረትና የቆርቆሮ ሱቅ ከፈተ፤ እዚያው አገባ፣ እዚያው ሸመገለ። የእድሩን ሰዎች አንድ በአንድ ያውቃቸዋል፤ ግማሾቹንም ወደ መቃብር ሸኝቷቸዋል። ወርቅአየሁ የሚስቱ የፀዲ የልብ ጓደኛ ስለሆነች እንደ ታናሽ እህቱ ያያታል። ይወዳታል። የሆነው ሁሉ የሆነው በዚህ ፍቅር ምክንያት መሆኑ ነው ኋላ ላይ አጥንቱ ድረስ የዘለቀው።

አዳራሹን ያመጣው ዝናብ ነበር። አንድ የበልግ ቀን፣ የአንድ ሽማግሌ ለቅሶ ላይ እንደተቀመጡ፣ ከኮረብታው የወረደ ቀይ ጎርፍ በድንኳኑ ሥር ገብቶ ሰሌኑን አነሣው፤ ሐዘንተኞቹ እግራቸውን አግዳሚው ላይ ሰቅለው አለቀሱ። ከዚያ ወዲያ እድሩ የድንጋይ አዳራሽ፣ ያውም ውኃ የማይደርስበት ከፍ ያለ መሠረት ላይ የቆመ አዳራሽ ሊሠራ ቆረጠ። ንድፉን የሠራው እንድሪያስ ነበር፤ እዚያው ሞያሌ ከስደተኛ ወላጆች ተወልዶ ናይሮቢ አርክቴክቸር የተማረ፣ አባቱን ይኸው እድር የቀበረለት ወጣት።

ንድፉን ያሳየው በወርቅአየሁ ሆቴል ጓሮ ነበር፤ ሰው ሁሉ የሚሰበሰብበት ሰፊ ቦታ ያ ስለነበረ። በቀለም ያጌጠውን ትልቅ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ዳሮቹን በብርጭቆ ያዘው።

ታፈሰ መነጽሩን አውጥቶ ጎንበስ አለ። «ይኼ ምንድነው? ፊት ለፊቱ ላይ የተጠማዘዘው?»

«ራምፕ ነው ጋሼ። ተዳፋት መወጣጫ» አለ እንድሪያስ። «ዊልቸር ያለው፣ ክራንች የያዘ፣ ጉልበቱ የደከመ፣ ሁሉም በራሱ የሚወጣበት። ለዚህ ነው ረዘም ያለው፤ ቀጥ ካለ ክንድ አይችለውም።»

«ለማን ብለህ ነው?»

በጓሮው የነበረ ሁሉ ወርቅአየሁን ላለማየት ወረቀቱን አየ።

«ለሁሉም ነው ጋሼ። የዚህ አገር ሕግም ይጠይቃል።»

«ሕጉ የሚያስበው ሰው ለሌለው ነዋ!» ታፈሰ ቀና አለ፤ ድምፁ በኩራት ሞቅ ብሎ ነበር። «እኛ ሰው አለን። አሁን መንገደኛ ይኼን ግንብ ሲያይ ምን ይላል? ‹የእነዚህ እድር አንዲት ሴት የሚያነሣ ጎረምሳ አጥቶ ድንጋይ ከመረ› ነው የሚለው። እድር እኮ ሥራው መሸከም ነው። ሌላ ሥራ የለውም! የሞተ የምንሸከም ሰዎች በሕይወት ያለችውን ያቅተናል?»

ሳቅና የስምምነት ጉርምርምታ ተሰማ። ግንባታውን የያዘው የቦረናው ግንበኛ ጋልጋሎ፣ ከተማው በሙሉ «ፉንዲ» የሚለው፣ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። «ምዜ፣ ሽማግሌው፣ እውነት ነው የሚናገረው። ደረጃ ሰፊ አድርገን እንሠራለን። ሳጥን ይዘው ጎን ለጎን ይወጣሉ። ቆንጆ ይሆናል።»

«እስቲ እሷው ትናገር» አለ ታፈሰ፣ ፊቱን ወደ ወርቅአየሁ መልሶ። «ወርቅዬ፣ እኛ እያለን አንቺ ደረጃ ይቸግርሻል?»

ጥያቄው በፍቅር የተጠየቀ ነበር፤ ክፋቱም እዚያ ላይ ነው። አንዳንድ ጥያቄ መልሱን በእጁ ይዞ ይመጣል፤ ተጠያቂውም በሰው ፊት ያንኑ ተቀብሎ ከመመለስ በቀር መንገድ የለውም። ወርቅአየሁ የነጠላዋን ጥለት በጣቶቿ አስተካከለች። «እናንተ እያላችሁ ምን ይቸግረኛል ጋሼ» አለች።

ከተሰብሳቢው ሁሉ በዕድሜ ታናሹ እንድሪያስ ነበር፤ ከፊቱም አባቱን የቀበሩት ሰዎች ተቀምጠዋል። ብርጭቆዎቹን አነሣና ወረቀቱን ጠቀለለ።

በዚያ ምሽት ፀዲ የባሏን እራት አቅርባ አጠገቡ ተቀመጠች። «ሰው ፊት እንዲህ ተብሎ ይጠየቃል?» አለችው።

«ምን አልኩ? ይቸግርሻል ወይ ነው ያልኩት።»

«‹አይቸግረኝም› እንድትልህ አድርገህ ነዋ የጠየቅሃት። ደግሞ በገዛ ሆቴሏ።»

«እሷ ዝም የምትል ሴት አይደለችም። ቢቸግራት ትናገር ነበር።»

«ዝም የምትልስ አይደለችም» አለች ፀዲ፤ ነገሩንም እዚያው ተወችው።

አዳራሹ ተሠራ። ጥርብ ድንጋዩ፣ አረንጓዴ ቆርቆሮው፣ ከሩቅ የሚታየው ሰፊ ደረጃው፣ እውነትም ያማረ ነበር። የእንድሪያስን ባለቀለም ንድፍ እንደገና ለማስሣል ማንም አልደከመም፤ ቀለሙ ስላማረ መስታወት አስገብተው ውስጥ ግድግዳው ላይ ሰቀሉት። በሥዕሉ ላይ አንዲት ሰማያዊ ቀሚስ የለበሰች ሴት የወንበሯን ጎማ በገዛ እጆቿ እየገፋች፣ ባልተሠራው መወጣጫ ላይ፣ ማንም ሳይከተላት ትወጣለች።

በመጀመሪያው ለቅሶ ጎረምሶቹ ወንበሯን ከአራት ማዕዘን ይዘው ወርቅአየሁን አነሧት። «ዛሬስ ንግሥታችን ከበደችን!» አለ አንደኛው እያለከለከ። «ሆቴሉ ቅቤ ያበዛል መሰለኝ።»

«ቅቤው አይደለም፤ ብረቱ ነው» አለች እሷ። «ይልቅ የናንተ ሽሮ ቅቤ ይግባበት።»

ሁሉም ሳቁ። ታፈሰ ከደረጃው አናት ላይ ቆሞ ያችን ከፍ ብላ የምትመጣ ሴት ሲያይ ደረቱ በደስታ ሞላ፤ እድር ማለት ይህ ነው ብሎ አሰበ። ያላየው ሌላ ነገር ነበር። ወንበሩ ወደ ኋላ ሲጋደል ከፊቷ ሰማይና የቆርቆሮው ጠርዝ ብቻ መቅረቱን፣ ጉልበቷ ላይ የሸሸውን ቀሚስ ለመመለስ እጇን ብትለቅ እንደምትወድቅ፣ ያስቀመጧትም እነሱ በመረጡት ቦታ፣ በሩ አጠገብ፣ ከሐዘንተኛው ርቃ መሆኑን አላየም። ሻይ ሲዞር እንደማትጠጣ የምታውቀው ፀዲ ብቻ ነበረች። ለመውጣት በፈለገች ጊዜ ሰው ማስነሣት ስላለባት ከዋዜማው ጀምራ ውኃ አትቀምስም ነበር።

ይህን ሁሉ ችላ ብዙ ለቅሶ ደረሰች። ያልቻለችው አንዱን ነው። የዳቤል መንደር ከብት ነጋዴ የነበረ፣ የእድሩ አባል ሞቶ አስከሬኑ አዳራሹ ውስጥ ጥቂት ከቆየ በኋላ ወደ መቃብር የሚወጣበት ሰዓት ሆነ። ሳጥኑን የሚያነሡት ትከሻዎች እሷን የሚያነሡት ትከሻዎች ነበሩ። ሳጥኑ ወጣ፤ ሕዝቡ ጎርፎ ተከተለ፤ ጩኸቱ በሰፊው ደረጃ ወርዶ በመንገዱ ራቀ። ወርቅአየሁ በባዶው አዳራሽ ውስጥ ብቻዋን ቀረች። እስከ በሩ ድረስ ጎማዋን ገፋች፤ ከዚያ ወዲያ መሬቱ ከሥሯ ጎደለ። ሰዎቹ ከመቃብር ተመልሰው እጃቸውን ሲታጠቡና ንፍሮ ሲዘገን፣ ያን ሥዕል ፊት ለፊት እያየች አገኟት።

«ውይ! ወርቄን ረስተናት!» አሉ ደንግጠው። ጋልጋሎ በስዋሂሊ «ፖሌ፣ ማማ፣ ፖሌ» እያለ ይቅርታ ጠየቃት።

«ምን ትላላችሁ፣ ቤት ጠባቂ ሆኜላችሁ ነው» አለች እየሣቀች። ከዚያም ወደ ሥዕሉ ጠቁማ፣ «ደግሞ ብቻዬን አይደለሁም፤ ከዚህች እድለኛ ሴትዮ ጋር ስንጨዋወት ነበር።»

ከዚያ ቀን በኋላ አልመጣችም። ለሐዘንተኛ ቤት እንጀራና ወጥ ትልካለች፣ ስልክ ትደውላለች፣ ራሷ ግን ወደ አዳራሹ አትወጣም። እድርተኛው ማጉረምረም ጀመረ። ሆቴሏ ደራላትና ኮራች ተባለ። ታፈሰ ነገሩ ከነከነውና አንድ ከሰዓት በኋላ ሆቴሏ ድረስ ሄደ።

«እንዲያው ምን አጠፋን ወርቅዬ?» አላት ገና ሳይቀመጥ። «በራሳችን ላይ ነው እኮ ያስቀመጥንሽ!»

«እሱ ነው የከበደኝ ጋሼ» አለች በዝግታ። «እኔ ለቅሶ መድረስ ነው የምፈልገው። ለቅሶ ደግሞ በሸክም አይደረስም። ተሸክማችሁ ስታወጡኝ ለቅሶ የደረሳችሁት እናንተ ናችሁ፤ እኔ ዕቃ ነኝ።»

«ዕቃ! ማን ነው ዕቃ ያለሽ? ስሙን ጥሪልኝና ዛሬውኑ እድሩ ፊት አቆመዋለሁ!»

«ማንም አላለኝም። እንደሱ አይደለም… ትከሻ ላይ የሚወጣው ሬሳ ነው ጋሼ። የኔ ተራ ገና ነው።»

ታፈሰ ተቆጣ። ንግግሯ የእነዚያን ጎረምሶች ላብ፣ የእድሩን ክብር፣ የራሱንም ፍቅር የረገጠ መሰለው። «በሕይወት ያለ ሰው በወገኑ ትከሻ አያፍርም» ብሎ ባርኔጣውን አነሣ። ስትሸኘው እስከ መንገዱ ድረስ ጎን ለጎን መጣች፤ ወለሉ የት ላይ እንዳለቀና መንገዱ የት ላይ እንደጀመረ ግን ልብ አላለም።

በቀጣዩ ዓመት ፀዲ ታመመች። በሽታው ከሆዷ ተነሥቶ ቀስ በቀስ አቀለጣት። ወርቅአየሁ፣ ታፈሰ ሱቅ በሚሆንበት ሰዓት፣ እየመጣች ከአልጋው አጠገብ ትውላለች፤ ሲመለስ ሁለት የጎማ መስመር ከደጃፉ ያገኛል፤ እሷን ግን አያገኛትም። ፀዲ ከጓደኛዋ ጋር ያወራችውን አትነግረውም ነበር። አንድ ማታ ብቻ፣ ትራስ ሲያስተካክልላት፣ እጁን ያዘችው።

«ታፌ፣ ያን የእንድሪያስን መወጣጫ ሥራላት።»

«የቱን?»

«አውቀህ ነው። እኔ ስሞት የምታለቅስልኝ እሷ ናት። ከጎንህ ሆና ስሜን እንድትጠራ ቃል አስገብቻታለሁ።»

«ምን ሞት ታወሪያለሽ? አትሞቺም።»

«እሺ አልሞትም። አንተ ግን ሥራ።»

«ዝናቡ ይለፍ» አላት። «በዚህ ጎርፍ ሲሚንቶ አይያዝም። ዝናቡ እንዳለፈ ጋልጋሎን እጠራዋለሁ።»

የተናገረው እውነት ነበር፤ በዚያ ሳምንት በሞያሌ ሲሚንቶ የሚያቦካ ሰው አልነበረም። ይሁንና ሰው እምቢታውን በእውነት ውስጥ መሸሸግ ሲችል ከራሱም ጭምር ይሸሸጋል። ሱቁ ውስጥ የቆመው ሲሚንቶ፣ ብረትና ሚስማር ሁሉ የሱ ነበር፤ እንድሪያስን መጥራት፣ ክር ማስወጠር፣ ቦታ ማስለካት ግን ዝናብ አይከለክለውም። ፀዲ የሞተችው ዝናቡ ሳያባራ ነው።

የቀብሩ ዕለት መንገዱ ጭቃ ስለነበረ የወርቅአየሁ ጎማ ተይዞ ከግማሽ መንገድ ተመለሰች። የመጣችው በሠልስቱ፣ ፀሐይ ወጥታ መሬቱ ጠንከር ሲል ነው። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ታፈሰ ከጥግ፣ መሬት ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ተቀምጧል፤ ከዚያ ቦታ በበሩ የሚታየው ሰማይ ብቻ ነው፤ አዳራሹ ከፍ ያለ ስለሆነ ደጅ የቆመ ሰው አይታይም። በድንገት ውጭ ያለው ጫጫታ ረገብ አለ። ጋልጋሎ ጎንበስ ብሎ በሰዎች መካከል መጥቶ ከጆሮው ተጠጋ።

«ምዜ፣ ማማ ወርቄ መጥታለች። ደረጃው ሥር ናት። ልጆቹ ሊያነሧት ሲሉ እጇን እንዲህ አደረገች» መዳፉን ዘርግቶ አሳየው። «አትንኩኝ ማለቷ ነው።»

«ምን አለች?»

«ምንም አላለችም። ቆማለች፤ እዚያው ተቀምጣ።»

ያን ጊዜ በታፈሰ ውስጥ የተነሣው ሐዘን አልነበረም። ‹በሚስቴ ለቅሶ ላይ!› ብሎ አሰበ። ‹ዛሬም አደባባይ አውጥታ ልትሞግተኝ!› ቃል የገባላት ሚስቱ፣ ያልተጠራው ግንበኛ፣ ያለፈው ዝናብ ሁሉ አንድ ላይ ተነሥተው ሲከሱት፣ ክሱን ሁሉ ወደ እሷ አዞረው።

«ከፈለገች ትወጣለች» አለ ጮክ ብሎ። «ለሁሉም የበቃ ደረጃ ነው።»

ቀጥሎ ከታች፣ ከፀሐዩ ውስጥ፣ ያ የሚያውቁት ድምፅ መጣ። እንደ ልማዱ መጀመሪያ ስሟን ብቻ ጠራ፤ «ፀዲ!» አለ። ከዚያም፣

*ፀዲዬ እህት ዓለሜ፣ ደጅሽ ድረስ መጣሁ፣*
*ከፍ ብለሽ ጠበቅሽኝ፣ መውጫውን አጣሁ።*

ሴቶቹ በአንድነት ጮኹ። ገሚሶቹ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ወደ በሩ ጎረፉ። ታፈሰ ግን እንደተቀመጠ ነበር። ሐዘንተኛ ከቦታው አይነሣም፤ ሰው ይመጣለታል እንጂ ወደ ሰው አይሄድም። ልማዱ እንዲህ ይላልና በልማዱ ላይ ተደገፈ። ድምፁ አንዴ ብቻ ነበር የመጣው። ሁለተኛ ስንኝ ሲጠብቅ፣ ሁለተኛ ስንኝ ሲቀር፣ ከግድግዳው ላይ ባለሰማያዊ ቀሚሷ ሴት ስትወጣ አየ፤ ሁልጊዜም ትወጣለች፤ ደርሳ አታውቅም። ያን ጊዜ ግድግዳውን ይዞ ተነሣ።

«ኧረ ሐዘንተኛ አይነሣም!» ብለው ሁለት ሰዎች ክንዱን ያዙት።

«ልቀቁኝ።»

በሩ ላይ ሲደርስ ጀርባዋን አየ። ሴቶች ከብበው ሊገፏት ሲሉ በእጇ እየመለሰቻቸው፣ ራሷ ጎማዋን ትገፋ ነበር፤ በለሰለሰው አፈር ላይ ሥራው ከባድ ስለሆነ ትከሻዎቿ ከፍ ዝቅ ይሉ ነበር። ደረጃውን መውረድ ጀመረ። ጉልበቱ የታመመ ስለሆነ በየእርከኑ እያረፈ ሲወርድ እሷ ከመንገዱ መታጠፊያ አልፋ ነበር። ከታች ያገኘው ሁለት ትይዩ መስመሮችን ነው፤ ቀጥ ብለው መጥተው የመጀመሪያውን እርከን ነክተዋል፤ እዚያው ዞረዋል፤ ተመልሰዋል።

ለቅሶው ከተነሣ በኋላ፣ ገና ጥቁሩን ሳያወልቅ፣ ሆቴሏ ሄደ። መግቢያው ላይ እግሩን ሊያነሣ ሲል የሚነሣለት ነገር አጣ። መንገዱ ወለል ሆኖ፣ ወለሉ መንገድ ሆኖ፣ አንዱ በሌላው ውስጥ ሳይታወቅ ገብቶ ነበር። ያን ሁሉ ዓመት ሲገባና ሲወጣ ይህን አለማየቱ አስደነገጠው። በቤቷ በር ላይ ማንም እግሩን እንዲያነሣ አድርጋ አታውቅም።

ወርቅአየሁ ከገንዘብ መቀበያው ጀርባ ወጥታ መጣች። «ሐዘንተኛ ከቤቱ ይወጣል እንዴ ጋሼ?»

«ለቅሶ ልደርስ ነው።»

«ለማን?»

«ላንቺ። ጓደኛሽ ሞተችብሽ አሉ።» ዝቅ ያለች ዱካ ስቦ ከፊቷ ተቀመጠ። «እግዜር ያጥናሽ ወርቅዬ።»

ዓይኖቿ ሞሉ። በነጠላዋ ጫፍ ጠረገቻቸውና፣ «ያኑርልኝ» አለች፤ ደንቡ የሚጠይቀውን መልስ። ከደጅ የታክሲ ረዳቶች ተሳፋሪ ይጠራሉ።

«ያልኩትን ሰምተሻል?» አለ ታፈሰ።

«ሰማሁ። አዳራሽዎ ድምፅ ያወጣል።»

«ያኔ፣ ንድፉ የታየ ዕለት፣ እውነቱን ብትነግሪኝ ኖሮ…»

«ሰው ፊት ጠየቁኛ» አለች። በቃሏ ውስጥ ወቀሳ አልነበረም፤ ያ ነው የባሰበት። «ለብቻዬ ቢጠይቁኝ እነግርዎት ነበር። እሱን እየጠበቅሁ ነው የከረምኩት።»

ታፈሰ ባርኔጣውን በእጁ ላይ አዞረ። «ፀዲ ከመሞቷ በፊት አዝዛኝ ነበር። ‹መወጣጫውን ሥራላት› ብላ። ዝናቡ ይለፍ አልኳት።»

ወርቅአየሁ ወደ ደጅ አየች። ቀዩ መንገድ ደርቆ ከመኪኖቹ ኋላ አቧራ ይነሣ ነበር። «ዝናቡስ ይኸው አለፈ» አለች።

«ነገ ጋልጋሎ ይጀምራል። እንድሪያስንም ጠርቼዋለሁ። ለአርባዋ ይደርሳል። እዚያ እናለቅስላታለን፤ አንቺም…»

«አርባው ጸሎት ነው ጋሼ፤ የካህናቱ ነው። ለቅሶው አልፏል። ያለፈ ለቅሶ አይደረስም።»

«እንግዲያ ለማን ነው የምሠራው?»

ለመጀመሪያ ጊዜ ከንፈሯ ፈገግ አለ። «ለእርስዎ ለቅሶ እመጣለሁ። በራሴ ጎማ፣ ማንም ሳይነካኝ፣ ጥግ ድረስ እገባለሁ። ሙሾውንም ከወዲሁ እያሰብኩበት ነው።»

«ምን ይላል?»

«እሱን ሞተው ይስሙት።»

ሣቀ። ሣቁ መሀል ላይ ተሰበረ፤ እሷም ፊቷን ወደ ደጅ አዞረችለት።

መወጣጫው በሥዕሉ ላይ እንደነበረው ሊሆን አልቻለም። የፊት ለፊቱን ቦታ ሰፊው ደረጃ ይዞታል፤ ደረጃውን ማፍረስ የግድግዳውን መሠረት ይነካል አለ እንድሪያስ። በጎን ዞሮ፣ በእጅ መታጠቢያው በኩል፣ ረዝሞና ሁለት ጊዜ ተጠምዝዞ ተሠራ። መጀመሪያ ቢታሰብበት ኖሮ የቤቱ አካል ይሆን የነበረው ነገር፣ ከቤቱ ላይ የተለጠፈ ሆኖ ቀረ። ታፈሰ በየቀኑ እየመጣ ቆሞ ያይ ነበር። ጋልጋሎ ሲሚንቶውን በመጨረሻ ሊያለሰልስ ሲል፣ «ተወው፣ ሻካራ ይሁን» አለው፤ «ጎማ እንዳያንሸራትት።»

አርባው አልፎ፣ ሌላ ወር አልፎ፣ አንድ ሰው ሞተ፤ ሄሉ ሰፈር ውስጥ ብስክሌት የሚጠግን፣ ዘመድ የሌለው፣ ወርቅአየሁ በወጉ እንኳ የማታውቀው ሽማግሌ። ታፈሰ ለዘመድ የለሹ እንደ ሐዘንተኛ ሆኖ ጥጉ ላይ ተቀምጦ ነበር። ከጎን በኩል የጎማ ድምፅ ተሰማ፤ በሻካራው ሲሚንቶ ላይ ዝግ እያለ፣ በመጠምዘዣው ላይ አረፍ እያለ መጣ። ጎረምሶቹ ብድግ ሊሉ ሲሉ ታፈሰ በዓይኑ ከለከላቸው። ወርቅአየሁ በበሩ ገባች። መዳፎቿ ቀይ አፈር ይዘዋል፣ ትንፋሿ ይቆራረጣል። በተቀማጮቹ መካከል ቀጥ ብላ አልፋ ከፊቱ ቆመች፤ የብስክሌት ጠጋኙን ስም ጠራች። ስሙን ብቻ። ከዚያ ስለተጣፈ ካላማዳሪያና ስለ ጎማ፣ የሰውን ሁሉ መንገድ አቃንቶ እሱ ግን በእግሩ ስለሄደው ሽማግሌ ሙሾ አወረደች፤ ቤቱ በሙሉ አነባ።

ታፈሰ ሁሉንም ቃል ሰማ። ለማታውቀው ሰው እንዲህ ከተሰፋ፣ ዕድሜ ልኳን ለምታውቃት ምን ይሰፋ እንደነበረ፣ ፀዲ የትኛው ክንዷ፣ የትኛው ሣቋ፣ የትኛው ቁጣዋ በዚያ ድምፅ ውስጥ ይመጣ እንደነበረ አሰበ። ያን ሙሾ በዚህ ምድር ላይ ማንም አልሰማውም፤ ከእንግዲህም ማንም አይሰማውም። ፊቱን በጋቢው ሸፍኖ ድምፅ አውጥቶ አለቀሰ።

«አቤት የጋሽ ታፈሰ አንጀት!» አሉ ከጎኑ የተቀመጡት። «ዘመድ ለሌለው ሰው እንዲህ ሲያለቅስ!»